ሁለት ኢግናቲስ፣ አንድ መሪ

ግቢው ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ አያቴ ኢግናቲስ፣ ሚስቱ ሚርሲኒ፣ ከግቢያችን የማይጠፋው መካኒኩ ፕሮኮፒስ፣ እንዲሁም እኔ፣ እኔም ኢግናቲስ። አባባ የምለው አያቴ ግን «አምስት ነን» ይል ነበር፤ ፒክአፗን ይቆጥራታል። ጊዜው አንደኛ ክፍል የገባሁበት መጸው ነው። ፍሬው ሲረግፍ የሚያርፍባቸው መረቦች ገና ከወይራ ዛፎቹ ሥር አልተዘረጉም ነበር። እማማ ሚርሲኒ ግን አረንጓዴውን ወይራ በትንሽ ቢላ እየበጣች ጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጀምራ ነበር።

በእኛ ደሴት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን በአንድ ስም ይኖራሉ። አባባ ስሜን ጠርቶ አያውቅም፤ «ሞክሼ» ነበር የሚለኝ። እማማ ግን ሁለታችንንም በአንድ ጩኸት ትጠራን ነበር።

«ኢግናቲስ!» ትላለች ከኩሽና።

«የትኛው?» እንላለን ሁለታችንም።

«ነገር የሚሰማው!»

«እንግዲያው ሁለታችንም አይደለንም» ይላል አባባ፤ ከተቀመጥንበትም አንነሳም።

አባቴ ስትራቲስ መርከበኛ ነበር። እናቴ ደግሞ ሚቲሊኒ ከተማ ሆቴል ውስጥ ምግብ ታበስል ስለነበር የማድረው ከአያቶቼ ጋር ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ የምውለው ከአባባና ከፒክአፗ ጋር ነበር።

ፒክአፗ በአንድ ወቅት ሰማያዊ ነበረች። በዚያ መጸው የያዛት በሽታ የመሪ ነው። መሪውን የሚያቀለው ዘይት ቀይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እማማ ኖራ በቀባችው የግቢ ድንጋይ ላይ ቀይ ጠብታ ተንጠባጥቦ እናገኛለን። እኔ ደም መስሎኝ አንድ ቀን መሐረቤን ከሥሯ አነጠፍኩላት። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ በየመታጠፊያው እንደምትወልድ ፍየል ያቃስታል፤ መሪው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። አባባ ሲጠመዝዝ የአንገቱ ሥር ይገተር ነበር።

መንገድ ላይ የእኔ ሥራ ማየት ነበር። ከጎኑ ትራስ ላይ እቀመጣለሁ።

«ሞክሼ፣ ከፊት ምን አለ?»

«በጎች።»

«የማን ናቸው?»

«የቫንጌሊስ። አንዷ ታነክሳለች።»

«ጎበዝ። ያ የሚመጣውስ? ትራክተር ነው አውቶቡስ?»

«አውቶቡስ።»

«እኔም አውቶቡስ ልል ነበር» ይልና ወደ ዳር ይጠጋል።

ከዚህ የሚያስደስት ጨዋታ አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ከመታጠፊያው ጋ ስንደርስ አባባ ፍሬን ያዘ፤ ቆቡን አነሳና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «እንደምን አደሩ፣ አባ ስቴልዮስ! ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለ። እዚያ የነበረው ግን ቄሱ ሳይሆኑ ጥቁር ላስቲክ የለበሰ የገለባ ክምር ነው። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አባባ ወደ እኔ ዞረ፤ ወደ ክምሩ ዞረ፤ ከዚያ ከእኔ የበለጠ ጮክ ብሎ ሳቀ። በመንደሩ እንደ እሱ ቀልደኛ አያት ያለው ልጅ እንደሌለ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። አሁን ሳስበው መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ዓይን መታየት ነበረብኝ፤ ሦስታችንም በአውቶቡስ ከተማ ወረድን። ሐኪሙ እኔን በመብራቱ አይቶ ሲጨርስ እማማ አባባን ወንበሩ ላይ ገፋችው። «አንተም ታይ፤ ልጁ ብቻውን እንዳይፈራ» አለችው። እኔ እኮ ጨርሼ ነበር። ምን እንደምፈራ አልገባኝም። ሐኪሙ አባባን በጣም ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እማማን ኮሪደር ላይ አነጋገራት፤ እኛ ሁለት ኢግናቲሶች ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የትልቅ ዓይን ሥዕል ሥር ቁጭ ብለን ከረሜላ እንልስ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነው ፒክአፗ መድማት የጀመረችው።

ፕሮኮፒስ መጣ። እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ አፉ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚያኝክ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፈተና ወደ ውስጥ ጎነበሰ። «ቱቦው ደህና ነው። ማሰሪያው ነው የላላው» አለ። ማሰሪያው ቱቦውን አንቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው፤ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀው። ቀዩን ዘይት ሞላ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሳና እኔን የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

«አሁን አየሩን እናስወጣለን። ወደ ግራ ጠምዝዝ፣ እምቢ እስኪልህ! ወደ ቀኝ፣ እምቢ እስኪልህ! ባርባ ኢግናቲስ፣ አረፋ አለ?»

በእኛ ደሴት ሽማግሌ ሲከበር «ባርባ» ይባላል። አባባ የዘይቱ ዕቃ ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና አለ። «ሞክሼ ወርዶ ይየው፤ መማር አለበት» አለ። ወረድኩና አየሁ፤ አረፋ አለ። ወጣሁና ጠመዘዝኩ። ወረድኩና አየሁ፤ አረፋ የለም። መሪው በአንድ ጣት ይዞር ጀመር። ፕሮኮፒስ ከእማማ አንድ ሳህን ወይራ ተቀበለ፤ ሄደ።

በማግስቱ ድንጋዩ ቀይ ነበር።

«ሸለምጥማጥ ነው» አለች እማማ ከወይራዋ ላይ ቀና ሳትል። «ሸለምጥማጥ ጎማ ይወዳል።»

ፕሮኮፒስ ተመልሶ መጣ፤ አጠበቀ። ሸለምጥማጡም ተመልሶ መጣ። እኔ ወጥመድ ብዬ ከፒክአፗ ሥር እንቁላል አስቀመጥኩ። ጠዋት እንቁላሉ እንደነበረ ነው፤ ዘይቱ ግን ፈሷል። ሸለምጥማጥ ከእንቁላል ይልቅ ጎማ እንደሚመርጥ ያኔ አረጋገጥኩ። እማማ በዚያን ቀን የወይራ ቢላዋ ጫፉ ተጣመመ ብላ ስታማርር ነበር። ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም።

አንድ ቀን በቀትር አባባ ተኝቶ ሳለ ከተከመሩት የወይራ መረቦች ውስጥ ገብቼ አንበሳ ሆኜ ነበር። እማማና ፕሮኮፒስ ከፒክአፗ አጠገብ ቆመው ያወሩ ጀመር።

«ኧረ ተይኝ፣ አክስቴ ሚርሲኒ» አለ ፕሮኮፒስ። «እኔ አጠብቃለሁ፣ አንቺ ደግሞ...» እዚህ ላይ የጎረቤት አህያ አናፋ፤ ሲያናፋ ደግሞ ቶሎ አይጨርስም። «...መሳቂያ ሆንኩ እኮ! ካፌው ውስጥ ፕሮኮፒስ አንድ ቱቦ ማሰር አቃተው እያሉኝ ነው።»

«ይበሉ። ኢግናቲስ ከእንግዲህ መሪ መንካት የለበትም።»

«እንዲያ ከሆነ ለምን አትነግሪውም?»

«ምን ብዬ? ዓይንህ እየጠፋ ነው ብዬ? ሐኪሙ እንደሆነ አይመለስም ብሏል። ያኮርፋል። ካኮረፈ እህል እንደማይቀምስ ታውቃለህ። መሪው ከከበደው ራሱ ይተወዋል፤ ክንዱ እንደሆነ አቅም የለው።»

«ግትር ነው።»

«ልጅ ሆኗል፣ ፕሮኮፒስ። ቅዳሜ ደግሞ ስትራቲስን ልቀበል ብሎ ወደብ ሊወርድ ነው። በዚያ ገደል! እስከዚያ ድረስ ዝም በልልኝ። በእመቤታችን።»

መረቡ ውስጥ አንበሳነቴ ጠፋ። ሁሉም ነገር እኔን ነበር። መሪ እነካለሁ፤ አባባ አውድማው ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስነዳኛል። ሳኮርፍ አልበላም። ክንዴ እንደ ሸምበቆ ነው። ቅዳሜ ስትራቲስን፣ አባቴን፣ ልቀበል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስጨቀጭቃቸው ነበር። ዓይኔንም ሐኪም አይቶታል። ፒክአፗ የምትደማው ለካ መሪው እንዲከብደኝ ነው። ማን እንደሚያደማት ግን አህያው ዋጠው።

ስለዚህ ለመታወር መዘጋጀት ጀመርኩ።

ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋዬ እስከ ኩሽና መሄድ ተለማመድኩ። ከኩሽና እስከ ዶሮው ቤት ስለማመድ የእማማን የወይራ ማሰሮ ሰበርኩ። ነገሮችን ሳልረሳቸው እንድኖር አፍጥጬ አየኋቸው፦ የእንቁላሉን አስኳል፣ የአውራ ዶሮውን ኩክኒ፣ የባሕሩን ሰማያዊ። አውራ ዶሮው አፍጥጬ ሳየው አልወደደውም፤ ነቆረኝ። መምህራችን ካሮት ለዓይን ጥሩ ነው ብላ ነበርና ከአትክልቱ እየነቀልኩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መብላት ያዝኩ። አባባ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ።

«ለእኔም አቀብለኝ፣ ሞክሼ።»

ሁለታችን እስኪመሽ ስንቆረጥም ቆየን። ለምን እንደምበላ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

የማየት ጨዋታችን ግን ከዚያ በኋላ አስፈራኝ። «ከፊት ምን አለ?» ሲለኝ አሁን ፈተና መሆኑ ገባኝ። ዓይኔ ምን ያህል እንደቀረው ሊለካ ነው ብዬ ከሩቅ ያለውን ሁሉ ሳልጠየቅ እዘረዝርለት ጀመር፦ ድንጋይ፣ ድመት፣ ሌላ ድንጋይ፣ ወይዘሮ ፎቲኒ፣ የወይዘሮ ፎቲኒ ቅርጫት። አባባ በጣም ተደሰተ። እንደዚያ ሳምንት በፍጥነት ነድቶ አያውቅም። እማማ ከግቢ በር ላይ ቆማ ስታማትብ አየኋት።

ሐሙስ ቀዩ ዘይት አለቀ፤ ሱቁም ዝግ ነበር። አባባ ኩሽና ገባና የወይራ ዘይት ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች እማማ።

«ዘይት ዘይት ነው። ለእኔ ጉልበት የሆነ ለእሷ የማይሆነው የማን ልጅ ብትሆን ነው?»

ሞላት። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወርደን ተመለስን። ፒክአፗ አላቃሰተችም፤ ይልቅስ የተጠበሰ ዓሣ መሽተት ጀመረች። ስንመለስ የመንደሩ ድመቶች እስከ ግቢው ድረስ ተከተሉን። ፕሮኮፒስ መጥቶ ጣቱን ነከረና አሸተተ።

«ሎሚስ ጨምቀህባት ነበር?» አለ። «ሰላጣ እኮ ነው የሠራኸው፣ ባርባ ኢግናቲስ! ውስጧ ያለው ጎማ ሁሉ ይበላሻል!»

«የእኔ ውስጥ ሰባ ዓመት ጠጥቶት አልተበላሸም።»

ፕሮኮፒስ እያጉረመረመ የወይራ ዘይቱን አፈሰሰ፤ አጠበ፤ ቀዩን ሞላ፤ ማሰሪያውን አጠበቀ። ሲሄድ እማማን ብቻ ትኩር ብሎ አየ። እማማ ወይራዋን ትበጣ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መርከቡ ቀትር ላይ ይገባል። ድንጋዩ ቀይ ነበር።

«ዛሬ ፕሮኮፒስን አንጠራም» አለ አባባ። «ሁለታችን እንጠግናታለን። ስትራቲስ አባቱን ወደብ ላይ ቆሞ ሳያገኘው ቀርቶ አያውቅም።»

ኮፈኑን ከፈተ። ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ በጣቶቹ ብቻ ቱቦውን እየዳሰሰ ወረደ። እንደዚያ የሚሠራው ጎበዝ ስለሆነ መስሎኝ ነበር። ጎበዝም ነበር። ማሰሪያውን አገኘው፤ ዞር ዞር አደረገው።

«ሂድ ውጣና መሪውን ያዝ፣ ሞክሼ።»

አልተንቀሳቀስኩም።

«ሰማህ? ውጣ እንጂ።»

«አልነካም።»

«ምን?»

«ኢግናቲስ መሪ መንካት የለበትም ተብሏል» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። «እማማ ናት ለፕሮኮፒስ የነገረችው። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ያልነገሩኝ ካኮረፍኩ ስለማልበላ ነው።»

አባባ ጨርቅ አነሳና ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከጠረገ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ኢግናቲስ አለች? ስሙን ጠርታ?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ክንዱ አቅም የለውም አለች። ገደሉን ፈራች። ልጅ ነው አለች።»

«‹ልጅ ነው› ነው ያለችው፣ ወይስ ‹ልጅ ሆኗል›?»

አሰብኩ። «ልጅ ሆኗል።»

አባባ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሳቁ ግን እስከ አፉ አልደረሰም። ከዚያ እጄን ያዘና ወደ ግቢው ግንብ ወሰደኝ። ከታች ወደቡ ይታያል።

«እዚያ የታሰረችው ነጭ ጀልባ ላይ ምን ተጽፏል?»

ፊደል ገና መቁጠሬ ነበር። «ፔ... ላ... ጊ... ያ። ፔላጊያ!»

«ትክክል። ከኋላዋ ያለችውስ?»

«ቅዱስ... ኒ... ኒኮላስ!»

«ትክክል! ይህ የንስር ዓይን ነው። እኔ እመሰክራለሁ።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ብዙ ዓመት ቆይቶ በዚያው ግንብ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ አባባ «ትክክል» እያለ ይመለከት የነበረው ወደ ወደቡ ሳይሆን ወደ በለሷ ዛፍ ነበር።

«እንግዲያው ዓይኑ የሚጠፋው ማን ነው?» አልኩት።

«ስም ተሳስቶ ነው» አለ። «ሞክሼ የሆነ ሰው ይሄ ያጋጥመዋል። ደብዳቤም አንዳንዴ ሌላ ቤት ይደርሳል።»

በመንደሩ ሌላ ኢግናቲስ ነበረ፤ ዳቦ ጋጋሪው። እንግዲህ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እጁን ይዤ መንገድ አሻገርኩት። ሰውየው የሚሻገርበት ጉዳይ እንዳልነበረው ኋላ ላይ ነው የነገረኝ፤ ልጅ እንዳይከፋው ብሎ ተሻገረ።

ወደ ፒክአፗ ተመለስን። አባባ ማሰሪያውን እንደገና ዳሰሰ፤ የብሎኑን ራስ በጥፍሩ ፋቀ። ከዚያ ጣቱን ላሰ።

«ጨው» አለ። እንደገና ላሰና፣ «ይህ ሸለምጥማጥ ወይራ ይበጣል» አለ።

ሸለምጥማጥ ወይራ እንደሚበጣ መምህራችን አላመነችኝም።

አባባ ማሰሪያውን አጠበቀ። ካጠበቀ በኋላ ግማሽ ዙር ጨመረ። ዘይቱን ሞላ፤ እኔ የልኩን ምልክት አየሁለት። ጎማዎቹን በክሪክ አነሳን። ወጥቼ ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ እምቢ እስኪለኝ፤ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ፣ እምቢ እስኪለኝ። ወርጄ አረፋውን አየሁ፤ ወጣሁ፤ ወረድኩ።

«የለም!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የንስር ዓይን ነው!»

ጎማዎቹን መሬት አስነካን። አባባ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣና ሞተሩን አስነሳ። መሪውን በትንሹ ጣቱ ብቻ አዞረው፤ ወደዚህ፣ ወደዚያ። ድምፅ አልነበራትም። እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሳ ቆየ። ከዚያ ክላክሱን ነፋ።

እማማ ቢላዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ፊቷ ኖራ መስሎ ነበር።

«ወዴት ነው? ኢግናቲስ! ውረድ! በመስቀሉ፣ ልጁን ይዘህ እንዳትወርድ!»

አባባ ወረደ። በሩን ግን አልዘጋውም፤ እንደ ሙሽራ አጃቢ ከፍቶ ያዘው።

«ግቢ» አላት።

«የት?»

«መሪው ጋ። አሁን ቀሏል።»

«አብደሃል? በዚህ ዕድሜዬ?»

«መሪ የሚይዘው ዕድሜ አይደለም፤ እጅ ነው። እጅሽ ደግሞ የፕሮኮፒስን ብሎን እንደሚፈታ ዛሬ አወቅሁ።»

እማማ የያዘችውን ቢላ አየች። ጫፉ ተጣሟል። ቀስ ብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ማን ነገረህ?» አለች።

«ኢግናቲስ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዳቦ ጋጋሪውን እያሰብኩ ነበር። እማማ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች፤ የወይራ ጨው ገብቶባት መስሎኝ ውሃ አመጣሁላት። አባባ ቆቡን አወለቀና ራሷ ላይ አደረገላት።

«አሮጌ በቅሎ» አለችው።

«እሺ፣ ሸለምጥማጥ።»

ከግቢው እስከ አውድማው የነዳው አባባ ነው፤ መንገዱን እኔ እየነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሲነዳ አላየሁትም። አውድማው ላይ ቦታ ተለዋወጡ። ክብ ነው፤ የምትገጨው ነገር የለም። እማማ ግን አንድ አገኘች፤ የቫንጌሊስን ገንዳ።

«ፍሬን! ፍሬን!»

«የቱ ነው?»

«የመሃሉ! የመሃሉ፣ ሚርሲኒ!»

«አትጩህብኝ፣ እጮህብሃለሁ!»

በጎቹ ዙሪያችንን ቆመው ያዩ ነበር። ያቺ የምታነክሰው እንኳ መጣች።

አባቴ ወደብ ላይ ጠብቆ ጠብቆ በአውቶቡስ መጣ። አውድማው ጋ ሲደርስ ሻንጣውን መሬት ላይ ጥሎ ቆመ። እናቱ የአባቱን ቆብ አድርጋ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ በክብ እየዞረች ነበር። አባቱ ከጎኗ ተቀምጧል። እኔ በመሃላቸው ትራስ ላይ ሆኜ ከፊት ያለውን እዘረዝር ነበር፦ ድንጋይ፣ በግ፣ ገንዳ፣ አባቴ።

እማማ ሚርሲኒ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ በጸደይ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ፒክአፗ ከዚያ በኋላ የመሪ ዘይት አፍስሳ አታውቅም።